የተቆራረጠችው ሰማያዊ መስመር

ሸለቆው ጋራ፣ ጋራው ሸለቆ ሆኖባችሁ ያውቃል? በእኔ ላይ ደርሷል፤ ያውም በቀን ብርሃን፣ በሁለት ጤነኛ ዓይኖቼ፣ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው "ምን ይታይሻል?" ብለው መልሴን እየጠበቁ። ያየሁትን በሙሉ ልብ ተናገርኩ። የተናገርኩት ሁሉ ግን የተገለበጠ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ ጥያቄ ከመጠየቃቸው በፊት ሰዓት ያያሉ።

የምኖረው ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሁለቴ ተሳፍሬ ሩንዳ ድረስ ሄጄ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አማርኛ አስጠናለሁ። እናቷ ጊጊሪ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ትሠራለች። ልጅቷ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ትጀምረውና መሃሉን በስዋሂሊ አልፋ በእንግሊዝኛ ትጨርሰዋለች። "አንተ" እና "እርስዎ" የሚባለው ልዩነት እስከ ዛሬ አልገባትም፤ አያቷንም "አንተ" ነው የምትላቸው። እሳቸውም አይከፋቸውም።

አያትየው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ለዓይን ሕክምና ከአዲስ አበባ መጡ። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ግራው ደግሞ ጭጋግ እንደ ለበሰ መስኮት ሆኗል። ቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። እስከዚያው ሹራባቸውን ደርበው፣ ዝንጅብል የበዛበት ሻያቸውን ይዘው፣ እኔና ልጅቷ የምናጠናበት በረንዳ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እኔም ቀዶ ሕክምናውን ከመጠበቅ ሌላ ሐሳብ ያላቸው አልመሰለኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ የጂኦግራፊ ፈተና ስላለባት አማርኛውን ትተን የካርታ መስመሮችን እንድናይ ለመነችኝ። በካርታ ላይ የተራራን ከፍታ የሚያሳዩት መስመሮች ለልጆች ሁልጊዜ ይከብዷቸዋል። እኔ የማስረዳው በአቮካዶ ነው። አቮካዶውን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በሆዱ አስተኛዋለሁ፤ ተራራ ይሆናል። ከዚያ እንደ ዳቦ አግድም እቆርጠዋለሁ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ እከተላለሁ። አንዱ ክብ በሌላው ውስጥ ሲገባ ተራራው ወረቀት ላይ ተኛ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ በጣም እኮራለሁ።

ሽማግሌው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉና፣ "ጥሩ ነው መምህርት፤ ግን ተራራሽ ወንዝ የለውም" አሉኝ።

የሻይ ማንኪያቸውን አነሱ። በቀረው ግማሽ አቮካዶ ላይ ከጫፉ እስከ ግርጌው አንድ ቦይ ፋቁና አሁን ቁረጪው አሉ። ቆርጬ ዙሪያውን ስከተል እያንዳንዱ ክብ አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ የመታጠፊያው ሹል ሁልጊዜ ወደ ተራራው ጫፍ ያመለክታል። መስመሩ የታጠፈበት ቦታ ውሃ አለ፣ ሹሉም ውሃው የመጣበትን ያሳያል ብለው አስረዱን። ጥርጣሬ ሲይዛችሁ መጀመሪያ ውሃውን ፈልጉ አሉ፤ ውሃ አይዋሽም። ልጅቷ አቮካዶውን እየበላች ማስታወሻ ያዘች። እኔም ያዝኩ።

እንዲህ ነው ማንነታቸውን ያወቅኩት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ካርታ አንሺ ነበሩ። ወጣት ሳሉ በደቡብ በኩል፣ መንገድ ባልነበረበት ተራራና የወንዝ በረሃ በእግርና በበቅሎ ዞረዋል። በእሳቸው ጊዜ መሬቱን መጀመሪያ አውሮፕላን ከላይ ፎቶ ያነሳዋል። ፎቶ ግን የወንዙን ስም አይናገርም፤ በበጋ ይድረቅ አይድረቅ፣ መሻገሪያው የት እንደሆነ አይናገርም። ያንን ሰው ሄዶ መጠየቅ አለበት። እሳቸው ከቡድናቸው ጋር ፎቶዎቹን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከፍታ የሚለኩበትን የአየር ግፊት መለኪያ እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ሳምንታት ይሄዱ ነበር። በቅሎ ብትወድቅ መጀመሪያ የሚታየው የበቅሎዋ እግር ሳይሆን መለኪያው ነው እያሉ ይስቃሉ።

እኔ ለዓመታት ካርታ ግድግዳ ላይ ስሰቅል፣ መስመሮቹ ከማሽን የወጡ ይመስለኝ ነበር። እያንዳንዱ መስመር ሥር የአንድ ሰው እግር እንዳለ አላሰብኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትምህርት ቤታችንን ካርታ ስጠቀልል እንኳ እጄ ይጠነቀቃል።

ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን አንድ ደንባቸው ነው። አብረዋቸው የሠሩት ሰዎች እንዲህ ይሉ ነበር፦ ያየኸውን አጥቁር፣ የሰማኸውን ቆራርጥ። በዓይን የታየ ወንዝ በሙሉ መስመር ይሳላል። በወሬ ብቻ የታወቀ ወንዝ ደግሞ በተቆራረጠ መስመር፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ። ስለዚህ ካርታውን የሚያነብ ሰው የቱ ጋ እንደታየ፣ የቱ ጋ እንደተገመተ ያውቃል። እኔ ስንት ነገር ሳላይ አጥቁሬ እንዳስተማርኩ ትዝ አለኝ፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌው ከመኝታ ቤታቸው አንድ የታጠፈ ካርታ ይዘው መጡ። ለዓመታት ተጣጥፎ እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። ጣታቸውን በዓይን ሳይሆን በልማድ አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። እዚያ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መስመር ከተራራ ወርዳ ትቆራረጣለች፤ ተቆራርጣም ተራራውን በጀርባ ዞራ በምሥራቅ ካለው ትልቅ ወንዝ ትገባለች።

ታሪኳን ነገሩን። በአውሮፕላን ፎቶው ላይ ያ ቦታ ደመና ተኝቶበት ነበር። ስለዚህ እሳቸው በእግር ተላኩ። ተራራው ጥግ ሲደርሱ ጉም ወረደ፤ ሦስት ቀን ጠበቁ፣ ስንቃቸው አለቀ፣ ጉሙ አልተነሳም። መንገድ የሚመራቸው የአገሩ ሰው ማር ቆራጭ ነበር። ጅረቷ ወዴት እንደምትሄድ ሲጠይቁት በአስተርጓሚ፣ "በተራራው ጀርባ ትዞራለች፤ ፊቷን አታሳይም" አላቸው። ቃሌ ወረቀትህ ላይ ይገባል ወይ ብሎም ጠየቃቸው። ይገባል አሉት።

ቢሮ ሲመለሱ አለቃቸው አልተቀበለም። ጅረቷ እዚያው አጠገቧ በምዕራብ ሌላ ወንዝ እያለላት ተራራ የምትዞርበት ምክንያት የለም አለ። በሁሉም ፊት፣ "ማር ቆራጭ ካርታ የሚያነሳ ከሆነ እኛ ሄደን ማር እንቁረጥ" አላቸው። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን መስመሯን አላነሱም። ከብዙ ክርክር በኋላ ካርታው እንዳለ ታተመ፤ መስመሯም እንደተቆራረጠች።

"እንግዲህ ዕድሜ ልኬን የማላውቀው ይህችን ነው" አሉን። "ያ ሰው እውነት ነግሮኝ እንደሆነ፣ ወይስ እኔ ለቃሌ ብዬ ውሸት አሳትሜ እንደሆነ።"

ልጅቷ ወዲያው ታብሌቷን አምጥታ የሳተላይት ምስል ከፈተች። ቦታውን ብዙ ፈልገን አገኘነው። ግማሹ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ ግማሹ ላይ ደመና ነበረበት። ሽማግሌው ሲነገራቸው ከት ብለው ሳቁና "ያ ደመና እስካሁን አልሄደም?" አሉ።

ከዚያ አንድ ፖስታ አወጡ። ውስጡ ያሉት ከመምጣታቸው በፊት አንድ የድሮ ባልደረባቸው ዕቃ ሲያጸዳ አግኝቶ የሰጣቸው ሁለት የአየር ፎቶዎች ናቸው፤ በሌላ ጊዜ፣ በበጋ፣ ደመና ሳይኖር የተነሱ። ከፎቶዎቹ ጋር ሁለት ወፍራም መስታወት ያለው፣ እግር የተበጀለት መነጽር የሚመስል መሣሪያ አለ፤ ስቴሬዮስኮፕ ይባላል። አሠራሩን ላስረዳ፤ ቀላል ነው። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ያነሳና ጥቂት ርቆ ያንኑ ቦታ እንደገና ያነሳል። ከሁለቱ ፎቶዎች አንዱን ለግራ ዓይን፣ አንዱን ለቀኝ ዓይን ብትሰጡ፣ አእምሮ ሁለቱን አንድ ያደርግና ተራራው ከወረቀቱ ብድግ ይላል። ለዚህ ግን ሁለት ዓይን ያስፈልጋል። ፎቶዎቹ ሲደርሷቸው የእሳቸው አንድ ሆኗል። ሐኪሙ የግራውን ቢያድነው እንኳ ከእንግዲህ በዚያ መሣሪያ ተራራ አያዩም።

"ዓይንሽን አበድሪኝ" አሉኝ።

ጠረጴዛውን ብርሃን ወዳለበት አዞርን፤ የናይሮቢ ሐምሌ ግራጫ ስለሆነ ብርሃን መፈለግ ነበረብን። ፎቶዎቹ ጥግ ላይ ቁጥር አላቸው፤ አርባ አንድና አርባ ሁለት። እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። አርባ አንድን በግራ፣ አርባ ሁለትን በቀኝ አስቀመጥኩ። ቁጥሩን አይተሽ ነው ያስቀመጥሽው ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ በቅደም ተከተል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ዛፍ እንድፈልግ፣ ጣቶቼን በሁለቱ ዛፎች ላይ አድርጌ ጣቶቹ አንድ እስኪሆኑ ፎቶዎቹን እንድገፋ ነገሩኝ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ይታየኝ ነበር። ከዚያ ድንገት አንድ ሆነ፤ ወረቀቱ ጥልቀት አወጣ። የተራራው ጫፍ በአንደኛው ፎቶ ላይ ብቻ ስለነበር ጥንድ ሆኖ የሚታየው ጎኑና ጀርባው ነው። ጅረቷን አገኘኋት፤ ጠቆር ያለ የዛፍ ሰልፍ ሆና ትመጣና ደኑ ውስጥ ትጠፋለች።

ከዚያ በኋላ ወዴት ይከፈታል አሉኝ። አየሁ፤ አስረዳኋቸውም። በተራራው ጀርባ በኩል ረጅም ግድግዳ የመሰለ ሸንተረር ቆሟል፤ ውሃ ሊያልፍበት አይችልም። በምዕራብ በኩል ግን ሰፊ ጥልቅ ሸለቆ ተከፍቷል። እርግጠኛ ነሽ ብለው ጠየቁኝ። በጣም ግልጽ ነው ጋሼ አልኩ፤ እንዲያውም ሸንተረሩን በጣቴ አየር ላይ ስዬ አሳየኋቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በኋላ፣ "እንግዲህ አለቃዬ እውነቱን ነበር" አሉ። ልጅቷ ክንዳቸውን ይዛ "ፖሌ አባባ" አለቻቸው፤ አይዞህ ማለቷ ነው።

ስህተቴን አውቄ ዝም አልልም ብለው ለቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ አስጻፉኝ። በንጹሕ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩ፦ በዚህ ካርታ ላይ በእኔ ቃል የገባችው መስመር ትክክል አይደለችምና ትታረም። ፈረሙ። እናትየው ከመስክ ሥራ ሰኞ ማታ ስትመለስ በኢሜይል ልትልከው ተስማሙ። ሐሙስ ቀዶ ሕክምና አለባቸው፤ ከዚያ በፊት ልባቸው እንዲያርፍ ፈለጉ። እኔ ወደ ቤቴ የሄድኩት፣ ያየሁትን ጨርሶ ሳልጠራጠር፣ ተራራ ባየሁበት ደስታና ሽማግሌውን ባሳዘንኩበት ሐዘን መካከል ሆኜ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ያየሁትን ለክፍሌ ለማሳየት ቁጭ ብዬ መሳል ጀመርኩ። ሸለቆውን ሳልኩ፤ ሸንተረሩን ሳልኩ። በፎቶው አንድ ጥግ ላይ ያ የምሥራቁ ትልቅ ወንዝ እንደ ነጭ ክር ሲያልፍ አይቼ ነበር፤ እሱንም ጨመርኩ። የት ነበር? አስታወስኩ። ከሸንተረሩ ጀርባ ላይ፣ አናቱ ላይ፣ እንደ ጌጥ ተጋድሞ። ሳየው ያምራል ብዬ አልፌዋለሁ።

እርሳሴ ቆመ። ወንዝ በሸንተረር አናት ላይ አይሄድም። መጀመሪያ ውሃውን ፈልጉ ተብዬ፣ በማስታወሻዬም ጽፌ፣ ውሃውን አይቼ ሳልጠይቀው አልፌያለሁ።

መጽሐፎቼን አገላበጥኩ። ምክንያቱን አገኘሁት፤ ፎቶዎቹ ግራና ቀኝ ሲለዋወጡ ከፍታ ሁሉ ይገለበጣል። ገደሉ ጋራ ይሆናል፣ ጋራው ገደል። በቅደም ተከተል ማስቀመጤ ብቻውን ዋስትና አልነበረም። ልደውል አሰብኩ፤ ግን ምን ብዬ? እንደገና ሳላይ ብናገር ያላየሁትን ማጥቆር ነው። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ማታቱ ያዝኩ። መንገዱ ተዘጋጋ። ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ለመድረስ የመጨረሻውን መንገድ በእግሬ ሮጥኩ፤ የግቢው ዘበኛ ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ ብሎ ቀለደብኝ።

ሽማግሌው በረንዳው ላይ ነበሩ። ጋሼ፣ ትልቁ ወንዝ ጋራ ላይ ነበር አልኳቸው፤ ሌላ መግቢያ አልመጣልኝም። በመዳፋቸው ግንባራቸውን መቱ።

"አውሮፕላኑ!" አሉ። "አውሮፕላን እንደሚያርስ በሬ ነው፤ አንዱን ትልም ወደዚህ፣ ቀጣዩን ወደዚያ። ያን ትልም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሮ እንደሆነስ? ታናሹ ቁጥር በቀኝ ነዋ የሚቀመጠው። የበረረበትን አቅጣጫ ማጣራት ነበረብኝ። የምሰማው መልስ አስፈርቶኝ ረሳሁት።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አላስጨረሱኝም። ብርሃኑ ሳይሄድ እይ አሉኝ።

አርባ ሁለትን በግራ፣ አርባ አንድን በቀኝ አደረግኩ። ጣቶቼን ገፋሁ። አሁን ያ ግድግዳ ሰመጠ። የተራራው ጀርባ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ጠባብና ጥልቅ ሸለቆ ሆነ፤ ያ የተከፈተ ሸለቆ ያልኩት ደግሞ ተነስቶ ምዕራቡን ዘጋው። መጀመሪያ ነጩን ክር ፈለግሁ። ከታች ነው፤ ከሁሉ በታች፣ መሆን ባለበት። ከዚያ ጅረቷን ተከተልኩ። ደኑ ውስጥ ትገባለች፣ ከተራራው ጀርባ ብልጭ ትላለች፣ ትዞራለች፣ ትልቁ ወንዝ ጋ ደርሳ ትገባለች።

የማየውን ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳላስጌጥ ነገርኳቸው። ልጅቷም ቀጥላ አየችና፣ "አባባ፣ ማር ቆራጩ ልክ ነው። ፕሮሚስ" አለቻቸው። ሽማግሌው ግራ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ሐኪሙ አይንኩት ብሏቸው ነበር። ደብዳቤውን ከመሳቢያ አስመጥተው ራሳቸው ቀደዱት።

ካርታውን ዘረጉና ሰማያዊ እስክሪብቶ ሰጡኝ። እስክሪብቶውን መለስኩላቸው፤ ካርታው የእርስዎ ነው አልኳቸው።

"አይደለም" አሉ። "ያየሽው አንቺ ነሽ። ያየ ነው የሚያጠቁር።"

ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ አገናኘሁ። አንድ ቦታ ግን ቆምኩ። መታጠፊያው ላይ የገደሉ ጥላ ወድቆበት ጅረቷ አልታየችኝም ነበር፤ እንደምታልፍ ግልጽ ነው፣ ግን አላየኋትም። ያቺን ታህል እንደተቆራረጠች ተውኩና ነገርኳቸው። በዚያ ቀን እንደዚያ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። "አሁን ካርታ አንሺ ሆንሽ" አሉኝ።

ግራ ዓይናቸው ድኗል፤ ጋዜጣ ያነባሉ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ለልጅቷ የድምፅ መልእክት ይልካሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ መምህርቷ ውሃውን አየች ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

እናንተም ሞክሩት። መስኮት ላይ ቁሙና በስልካችሁ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ኮረብታ ወይም ሰፈር አንሱ። ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ሂዱና ያንኑ እንደገና አንሱ። ሁለቱን ትንንሽ አድርጋችሁ አሳትሙ፤ የመጀመሪያውን በግራ፣ ሁለተኛውን በቀኝ አድርጉ። በሁለቱ መካከል ካርቶን አቁማችሁ አፍንጫችሁን አስደግፉና፣ ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ ታገሡ። ሲሳካላችሁ አለዋውጧቸውና ዓለም ሲገለበጥ እዩ። ከዚያ ያያችሁትን ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ግን ከመናገራችሁ በፊት ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ፈልጉ፤ ያላያችሁትንም ቦታ እባካችሁ ቆራርጡት።